«ለንክሻ ሁሉ» የሚለው ኪት ሲፈተሽ፦ ዕቃው ደህና፣ መመሪያው አደገኛ

«ለነፍሳት ንክሻና ንድፊያ ሁሉ» ተብለው የሚሸጡ ትንንሽ የመጀመሪያ ዕርዳታ ኪቶች ሲከፈቱ አብዛኞቹ ተመሳሳይ ናቸው። በአውራ ጣት የሚሠራ የመርዝ መምጠጫ ፓምፕ ከተለያየ ስፋት አፎች ጋር፣ ወረንጦ፣ የአልኮል መጥረጊያ፣ 1 በመቶ ሃይድሮኮርቲሶን ቅባት፣ ጥቂት የሴትሪዚን (የአለርጂ መድኃኒት) ፍሬዎች፣ መሃሉ ላይ ጥጥ ያለው ፕላስተር። ከነዚህ ጋር የታጠፈች የመመሪያ ወረቀት አለች፤ የምትለውም ባጭሩ አጽዱ፣ ምጠጡ፣ ቀቡ፣ ሸፍኑ ነው። ለማንኛውም ነፍሳት፣ በዚሁ ቅደም ተከተል።

ኪቱን በሁለት ጉዳይ እንፈትነው፦ ቆዳ ውስጥ ገብቶ በሚያድግ የዝንብ እጭ፣ እና መርዘኛ ጸጉር ባለው የእሳት እራት አባጨጓሬ። ሰዎች ሁለቱንም «ትል» ይሏቸዋል፣ ሁለቱም እጮች ናቸው፣ ሁለቱም ቀይ እብጠት ትተው ይሄዳሉ። ለአንዱ የሚደረገው ግን ሌላውን ያባብሳል። የዝንቡን እጭ አየር ነፍጎ በትዕግሥት መጠበቅ ያስፈልጋል። ለአባጨጓሬው ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ጸጉሩን ከቆዳ ላይ አንስቶ ቦታውን ክፍት መተው ነው። መመሪያዋ ይህን ልዩነት ስለማታውቅ ጥሩ ጥሩ ዕቃዎች ያለቦታቸው ይውላሉ።

ከዝንቡ እንጀምር። የሰውን ቆዳ ማደጊያቸው ከሚያደርጉት መካከል ዋናዎቹ ሁለት ናቸው። ዴርማቶቢያ ሆሚኒስ ከሜክሲኮ እስከ ሰሜን አርጀንቲና ይገኛል። ከሰሃራ በታች ባለው አፍሪካ ደግሞ ኮርዲሎቢያ አንትሮፖፋጋ፣ በተለምዶ ቱምቡ ዝንብ የሚባለው አለ።

ዴርማቶቢያ ራሱ ሰው ላይ አያርፍም። ሴቷ ዝንብ ትንኝ ወይም ሌላ ደም መጣጭ ነፍሳት በበረራ ላይ ይዛ እንቁላሎቿን ሆዱ ላይ ታጣብቃለች። ትንኟ ሰው ላይ ስታርፍ የገላው ሙቀት እንቁላሉን ያስፈለፍለዋል፤ እጩም ወርዶ በንክሻው ቀዳዳ ወይም በጸጉር ሥር ይገባል። ብዙ ጊዜ ምንም አይታወቅም። እዚያው ከ5 እስከ 10 ሳምንት እየበላ ያድግና እስከ 2 ሴንቲሜትር ገደማ ይደርሳል፤ ከዚያ በራሱ ወጥቶ ዝንብ ለመሆን አፈር ውስጥ ይገባል። ሰውነቱን ዙሪያውን ወደ ኋላ የዞሩ ጥቁር እሾሆች በረድፍ ከበውታል። ሲጎተት የሚነክሰውና የማይወጣው በነሱ ነው። አፉ ወደ ውስጥ፣ ጭራው ወደ ውጭ ሲሆን የሚተነፍሰው በጭራው በኩል ባሉ ቀዳዳዎች ነው። ይህን ያስታወሰ ሰው የማውጫ ዘዴውን ግማሽ አወቀ ማለት ነው።

ቱምቡ ዝንብ መንገዱ ሌላ ነው። እንቁላሉን የሚጥለው ሽንት በነካው አሸዋ ወይም ጥላ ቦታ በተሰጣ እርጥብ ልብስ ላይ ነው። የተፈለፈለው እጭ ሰው ወይም ውሻ እስኪነካው ድረስ ሳይበላ እስከ 2 ሳምንት ሊጠብቅ ይችላል። ቆዳ ውስጥ ከገባ በኋላ ግን ችኩል ነው፦ በ8 እስከ 12 ቀን ውስጥ አድጎ ይወጣል። እሾሁ ትንንሽ ስለሆነ እንደ ዴርማቶቢያ አጥብቆ አይይዝም፤ የቆዳው ቀዳዳ ሲከፈት በቀላሉ ይወጣል። ብዙ ጊዜ የሚገኘው ልብስ በሚያርፍበት ቦታ፣ በወገብ፣ በጀርባ፣ በመቀመጫ ላይ ሲሆን ብዙ ሆኖ ነው።

ከውጭ ሲታይ ሁለቱም ብጉንጅ ይመስላሉ። ልዩነቱን የምታሳየው መሃል ላይ ያለችው ቀዳዳ ናት፤ አትዘጋም፣ መግል ሳይሆን ቀጭን ደም ያለበት ውኃ ታወጣለች። ቦታውን በአጉሊ መነጽርና በስልክ መብራት ጠጋ ብሎ ያየ ሰው ከቀዳዳዋ ብቅ እያለ የሚመለስ ነጭ ጫፍ፣ ጫፉም ላይ ሁለት ጥቁር ነጠብጣብ ያያል፤ መተንፈሻዎቹ ናቸው። ማየት ካልተቻለ አንድ ጠብታ ውኃ ቀዳዳዋ ላይ አድርጎ መጠበቅ ነው፤ እጩ ሲተነፍስ አረፋ ይወጣል። በሌሊት የሚወጋ ድንገተኛ ሕመምና ከውስጥ የሚንቀሳቀስ ስሜትም የተለመዱ ናቸው።

አባጨጓሬው ግን ሰው ውስጥ ለመኖር ፍላጎት የለውም፤ የሚያደርገው ሁሉ ራሱን ለመከላከል ነው። ጸጉሩ በሁለት ዓይነት ይከፈላል፣ ኪቱም ሊያውቀው የሚገባው ይህን ነው። አንደኛው ዓይነት ውስጡ ክፍት የሆነ እሾህ ሲሆን ሥሩ ላይ መርዝ የሚያመነጭ ክፍል አለው። ሲነካ ጫፉ ቆዳ ውስጥ ይሰበርና መርዙ ይፈሳል፣ ልክ እንደ ሳማ። በዚህ የሚታወቁት የሊማኮዲዴ ቤተሰብ አባጨጓሬዎችና የሰሜን አሜሪካው ሜጋሎፒጌ ኦፐርኩላሪስ ናቸው። ሁለተኛው ዓይነት የሚነቀል ጸጉር ነው። እጅግ ደቃቅ፣ ከ1 ሚሊሜትር አንድ አሥረኛ እስከ ሁለት አሥረኛ የሚሆን፣ ጎኑ ላይ ወደ ኋላ የዞረ ቅርፊት ያለውና በነፋስ የሚበተን። በጥድ ዛፍ ላይ ነጭ የሐር ጎጆ የሚሠራውና ተሰልፎ የሚሄደው ታውሜቶፖያ የተባለው አባጨጓሬ ይህን ይበትናል። ለዚህኛው አባጨጓሬውን መንካት እንኳን አያስፈልግም፤ ከዛፉ ሥር መቀመጥ ይበቃል።

ሜጋሎፒጌ ለየት ያለ ቦታ ይገባዋል። ሲታይ ለስላሳ፣ ጸጉራም፣ 3 ሴንቲሜትር ገደማ የሆነ የጥጥ ቁራጭ ነው፤ እሾሁ ከለስላሳው ጸጉር ሥር ተደብቋል። የነካው ሰው ወዲያው ከባድ ሕመም ይሰማዋል። ሕመሙ በእጅ ከሆነ ወደ ብብት፣ በእግር ከሆነ ወደ ብሽሽት ይወጣል፣ ንፍፊት ያስነሳል፣ ለሰዓታት ይቆያል። ቆዳው ላይ የእሾሁ አቀማመጥ እንደ መረብ በረድፍ የተሰለፉ ቀይ ነጥቦች ሆኖ ይታተማል። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣ ጥናት መርዙ ውስጥ ያለው ዋና ፕሮቲን የሴሎችን ሽፋን የሚበሳ መሆኑን፣ ፕሮቲኑን የሚያሠራው ጂንም ከባክቴሪያ ወደ እሳት እራቶቹ የተሻገረ መሆኑን አሳይቷል። የአለርጂ መድኃኒት ይህን ሕመም ለምን እንደማያስታግሥ እዚህ ላይ ይገባል፤ ሕመሙ በዋናነት ከሂስታሚን፣ ማለትም የአለርጂ መድኃኒት ከሚገታው የሰውነት ኬሚካል፣ የመጣ አይደለም።

ስለዚህ ኪቱን ከመክፈት በፊት የሚጠየቀው ጥያቄ አንድ ነው፦ መቼ ጀመረ? በሰከንድ ውስጥ ካቃጠለ አባጨጓሬ ነው። ለቀናት ቀስ እያለ ካበጠና መሃሉ ቀዳዳ ካለው የዝንብ እጭ ነው። በነፋስ ከተበተነው ጸጉር የሚመጣው ሽፍታ ብቻ ዘግየት ብሎ ከሰዓታት በኋላ ሊወጣ ይችላል፤ ግን እሱ ብዙ ነጥብ ሆኖ አንገትና ክንድ ላይ ይበተናል እንጂ አንድ ብጉንጅ አይሆንም።

አሁን ወደ ዕቃዎቹ። በኪቱ ውስጥ ከሁሉ በላይ ዋጋ ያለው ነገር ፕላስተር ነው፣ ከሁሉ በላይ የተበላሸውም እሱ ነው። ለአባጨጓሬ የመጀመሪያው ዕርዳታ ሙጫ ነው፦ የሚያጣብቅ ሰፊ ቁራጭ ቦታው ላይ ማሳረፍ፣ ሳያሹ በጣት በቀስታ መጫን፣ ቀጥ አድርጎ ወደ ላይ ማንሳት። የኪቱ ፕላስተር ግን ሙጫ የሚያስፈልግበት ቦታ ላይ ጥጥ አለው፤ ሙጫው በዳርና በዳር ብቻ ነው። ለቁስል ጥሩ፣ ለጸጉር ከንቱ። በምትኩ 5 ሴንቲሜትር ገደማ ስፋት ያለው የካርቶን ማሸጊያ ስኮች ጥቅል ኪቱ ውስጥ አስቀምጡ። እያንዳንዱ ቁራጭ አንድ ጊዜ ብቻ ይጠቅማል፤ ያነሳውን ጸጉር መልሶ እንዳይተክል ተጥሎ አዲስ ይወሰዳል። የተነሳውን ቁራጭ በብርሃን ላይ ይዛችሁ በአጉሊ መነጽር ብታዩት ሙጫው ላይ የተሰካኩ ደቃቅ መርፌዎች ታያላችሁ። አዲሱ ቁራጭ ባዶ እስኪነሳ መደጋገም ነው። ከዚያ በኋላ፣ ከዚያ በፊት ግን አይደለም፣ በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ማጠብ፤ ፎጣ ሳይነካው በራሱ ይድረቅ።

እዚህ ላይ የአልኮል መጥረጊያው ጉዳት ይታያል። መመሪያዋ መጀመሪያ «አጽዱ» ስለምትል ሰዉ በመጥረጊያው ያሸዋል። የተሰበረው እሾህ ይገባል፣ ያልተነቀለው ይነቀላል፣ አንድ ቦታ የነበረው ወደ ሦስት ቦታ ይዛመታል። አልኮሉ ጥፋት የለበትም፤ ጥፋቱ ማሸቱ ነው። ለዝንቡ እጭ መጥረጊያው እጩ ከወጣ በኋላ ዙሪያውን ለማጽዳት ይሆናል፤ ሕይወት ያለው እጭ ላይ አልኮል ማድረግ ግን ወደ ውስጥ እንዲሸሽ ያደርገዋል።

ለዝንብ እጭ ደግሞ በጣም የሚያስፈልገው ነገር ኪቱ ውስጥ የለም፦ ቫዝሊን። ዘዴው ይህ ነው። ቀዳዳዋንና ዙሪያዋን በወፍራሙ፣ የጣት ጥፍር ያህል ክምር አድርጎ መቀባት፤ በላዩ ላይ ቀለል ያለ ፋሻ ማድረግ። እጩ አየር ሲያጥረው ጭራውን ወደ ላይ ይገፋል፣ በቫዝሊኑ ውስጥ አልፎ ለመተንፈስ ይሞክራል። ይህ ከጥቂት ሰዓት እስከ አንድ ሙሉ ቀን ሊወስድ ይችላል። ፋሻው በየጊዜው ተነስቶ ይታያል፣ የቀነሰው ቫዝሊን ይጨመራል። ጫፉ በደንብ ብቅ ሲል ጥርስ በሌለው ወረንጦ ሥሩን ያዝ አድርጎ፣ ሳይነጥቁ፣ በማያቋርጥ ቀስ ያለ ጉተታ ማውጣት ነው። እጩ ሲኮማተር እሾሁ ይነክሳል፤ ያን ጊዜ መጎተቱን አቁሞ ይዞ መቆየት፣ ሲላላ መቀጠል።

የሚሸፍነው ነገር ለስላሳ መሆን አለበት። የጥፍር ቀለምና ሱፐር ግሉ የመሳሰሉ የሚደርቁ ነገሮች ቀዳዳዋን ያሽጋሉ፤ እጩ ጭራውን የሚያወጣበት መንገድ ስለሌለው እዚያው ይሞታል። የሞተ እጭ በራሱ አይወጣም፣ እሾሁም እንደተሰካ ይቀራል፤ ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ የሐኪም ቢላ ነው። ብዙ ሰዎች እጩን መግደል መፍትሔ ይመስላቸዋል፤ የሚፈለገው ግን ሕያው ሆኖ እንዲወጣ ነው።

መጭመቅስ? ለቱምቡ ዝንብ ጫፉ ከወጣ በኋላ ከሁለት ጎን በቀስታ መጫን ብዙ ጊዜ ይሠራል። ለዴርማቶቢያ ግን አይደለም። ሰውነቱ መሃሉ ሰፊ፣ አንገቱ ቀጭን ሆኖ ከቀዳዳዋ በላይ ስለሚሰፋ ሲጨመቅ ቆዳ ውስጥ ይፈነዳል። የፈሰሰው ፈሳሽና የተረፈው ቁራጭ ከባድ እብጠትና ኢንፌክሽን ያመጣሉ። የት አገር እንደተያዘ ማወቅ የሚጠቅመው ለዚህ ነው። ካልታወቀ አለመጭመቅ።

ቫዝሊን ለአባጨጓሬ ግን በመጀመሪያው ሰዓት አይነካም። ጸጉሩን ቆዳ ላይ ያሽገዋል፣ ስኮቹም በቅባት ላይ አይጣበቅም። ሃይድሮኮርቲሶኑም ቅባት ነውና ከስኮቹ በፊት ከተቀባ ያው ችግር ይመጣል። ኪቱ ውስጥ ያለው አንድ ቅደም ተከተል ብቻ መቀየር ብዙ ሕመም ያስቀራል፦ መጀመሪያ ስኮች፣ ከዚያ ውኃ፣ ከዚያ በረዶ፣ ቅባቱ መጨረሻ።

ፓምፑ የኪቱ ጌጥ ነው፤ ሳጥኑ ላይ ትልቁ ሥዕልም የሱ ነው። ለመርዝ ግን አይሠራም። እ.ኤ.አ. በ2004 በበጎ ፈቃደኞች ላይ በተደረገ ሙከራ የእባብ መርዝን የሚመስል ፈሳሽ ቆዳ ውስጥ ተወግቶ ከ3 ደቂቃ በኋላ በዚሁ ዓይነት ፓምፕ ተመጠጠ፤ የወጣው ከገባው መጠን 0.04 በመቶ ብቻ ነበር። ከአባጨጓሬ የሚገባው መርዝ ደግሞ በብዙ ደቃቅ ቀዳዳዎች ተበትኖ የሚገባ ነው፤ ፓምፑ እዚያ ላይ የሚያደርገው ቆዳውን ማሳበጥና ማበለዝ፣ ከሁሉም በላይ ስኮች መለጠፊያውን ጊዜ ማባከን ነው።

ይኸው ፓምፕ ለዝንብ እጭ ግን ግሩም መሣሪያ ነው፣ መመሪያዋ ግን ይህን አንድ ቃል አትልም። እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣ የሕክምና ዘገባ የመርዝ መምጠጫ ፓምፕ የዴርማቶቢያን እጭ ሳይቆራርጥ ሙሉውን ሊያወጣ እንደሚችል አሳይቷል። ምክንያቱም የሚፈለገው ፈሳሽ መምጠጥ ሳይሆን አንድ ጠጣር ነገር በአንድ ቀዳዳ በኩል መሳብ ነው። አጠቃቀሙ፦ ዙሪያው ጸጉር ካለው ይላጫል፣ አለበለዚያ አየር ያስገባል። ቫዝሊን ለጥቂት ሰዓት ተደርጎ እጩ ሲላላ ዳሩ ይጠረጋል፤ መሃሉ ላይ ጥቂት ቢቀር አይጎዳም። ቀዳዳዋን በሙሉ የሚያቅፍ ትንሹ አፍ ይመረጣል። ፓምፑ ተስቦ ከ1 እስከ 2 ደቂቃ ይያዛል፤ ካልወጣ ይለቀቃል፣ ቆዳው ያርፋል፣ ይደገማል። ቆዳው ወይን ጠጅ ሲመስል ወይም ደም ሲቋጥር ይበቃል። ፊት ላይ፣ በተለይ ዓይን አጠገብ፣ እንዲሁም አናቱ ያልጠነከረ ሕፃን ጭንቅላት ላይ ፈጽሞ አይሞከርም።

ሐኪም ጋ የሚደረገውም ከዚህ አይርቅም። ሊዶካይን ከእጩ ሥር ሲወጋ ማደንዘዝ ብቻ ሳይሆን ፈሳሹ ራሱ እጩን ወደ ላይ ይገፋዋል። ካልሆነ ቀዳዳዋ በመጠኑ ሰፋ ተደርጋ ይወጣል። ከወጣ በኋላ ሁልጊዜ ሙሉ መሆኑን ማየት ያስፈልጋል፤ ጭንቅላቱ በኩል ሁለት ጥቁር መንጠቆዎች ካልታዩ ቁራጭ ቀርቷል። ቁስሉን በሳሙና አጥቦ በንጹሕ ፋሻ መሸፈን ይበቃዋል፤ ዴርማቶቢያ ባክቴሪያ የሚከላከል ነገር ስለሚያመነጭ ቀዳዳዋ ብዙ ጊዜ ሳትመግል ትድናለች። የቴታነስ ክትባት ጊዜው ማለፉን ግን ጠይቁ፤ መንጋጋ ቆልፍ በማንኛውም ክፍት ቁስል ይገባል።

ወረንጦው ራሱ ከኪት ኪት ይለያያል። ጫፉ ጥርስ ያለው ከሆነ የዝንብ እጭን ይቆርጣል፤ ጠፍጣፋና ለስላሳ ጫፍ ያለው ይመረጣል። ለአባጨጓሬ የሚያገለግለው ልብስ ወይም ቆዳ ላይ የተቀመጠውን አባጨጓሬ ለማንሳት ብቻ ነው፣ ያውም ሳይጨፈለቅ። በእጅ መምታት ከሁሉ የከፋ ነው፤ እሾሁን ሁሉ በአንድ ጊዜ ይተክላል። ቆዳ ላይ የተሰበሩትን ጸጉሮች አንድ በአንድ በወረንጦ መልቀም ጊዜ ያባክናል፣ መርዝም ሊያስጨምቅ ይችላል፤ ስኮቹ በአንድ ጊዜ መቶውን ያነሳል።

ሴትሪዚኑ ማሳከክን ይቀንሳል፣ በተለይ በነፋስ ከመጣው ጸጉር የተነሳ ሽፍታ ላይ። ለሜጋሎፒጌ ዓይነቱ ሕመም ግን በረዶ የተሻለ ነው፦ በጨርቅ ተጠቅልሎ 10 ደቂቃ ማሳረፍ፣ 10 ደቂቃ ማንሳት። ከዚያ በላይ ለሚሆን ሕመም በፋርማሲ የሚገኝ ማስታገሻ በማሸጊያው ላይ በተጻፈው መጠን፤ ያም ካልበቃ ክሊኒክ። እጅ ከተነካ ሳያብጥ በፊት ቀለበትና ሰዓት ማውለቅ። ለዝንብ እጭ ሴትሪዚንም ሃይድሮኮርቲሶንም አይፈይዱም። ይልቁንም ቅባቱ ቅላቱንና ማሳከኩን ለጥቂት ቀን ስለሚያደበዝዝ ሰው ተሻለኝ ብሎ ይተወዋል፣ እጩ ግን ማደጉን አያቆምም። ብጉንጅ ነው ተብሎ በአንቲባዮቲክ የሚታከመውም እንዲሁ ነው፤ እንክብሉ ያልቃል፣ እብጠቱ አለ።

ስለ ሙጀሌ የሚጠይቅ ይኖራል፤ እሱም ቆዳ ውስጥ የሚገባ ነፍሳት ነውና። ይህ ኪት ለሙጀሌ ምንም አያደርግም። ሙጀሌ ቁንጫ እንጂ እጭ አይደለም፤ የምትገባው አድጋ ያበቃች ሴት ቁንጫ ናት፣ ገብታም እንቁላሏን እየጣለች ሆዷ ይነፋል፣ እዚያው ትሞታለች እንጂ አትወጣም። ቫዝሊን ተደርጎ ብትጠበቅ ብቅ አትልም፣ በፓምፕ ብትሳብ ትፈነዳለች። በንጹሕ መርፌ ዙሪያዋን አላቆ ሙሉዋን ማንሳት፣ አለዚያም ዳይሜቲኮን የተባለውን ቀጭን የሲሊኮን ዘይት መጠቀም ነው። ኬንያ ውስጥ የተደረገ ሙከራ ዘይቱ በ7 ቀን ውስጥ 78 በመቶ የሚሆኑትን ሙጀሌዎች እንደገደለ፣ ለንጽጽር የተወሰደው ፖታሲየም ፐርማንጋኔት ግን 39 በመቶ ብቻ እንደገደለ አሳይቷል። ሙጀሌ ባለበት ቦታ ያለ ሰው ከኪቱ ይልቅ ዘይቱን ይግዛ።

መከላከያን በተመለከተ ኪቱ ባዶ ነው፣ ምንም እንኳን ሁለቱም ለመከላከል ቀላል ቢሆኑም። ለዴርማቶቢያ የሚሠራው ትንኝ የሚከለክለው ነገር ሁሉ ነው፦ ዲት ያለው ቅባት፣ ረጅም እጅጌ፣ አጎበር። ለቱምቡ ዝንብ ደግሞ ካውያ። ከቤት ውጭ የደረቀ ልብስ፣ አንሶላና የሕፃን ሽንት ጨርቅ ጨምሮ፣ በሙቅ ካውያ በሁለቱም በኩል መተኮስ አለበት፤ ስፌቱና የወገብ ላስቲኩ ላይ ትንሽ ቆየት ማለት፣ እንቁላሉ የሚሸሸገው እዚያ ነውና። ካውያ በሌለበት ልብሱን ከመሬት ከፍ አድርጎ ፀሐይ በሚመታው ቦታ ማስጣት፣ ወይም ከደረቀ በኋላ ከ2 ሳምንት በላይ አቆይቶ መልበስ።

እነዚህ ሁሉ ለአባጨጓሬ ዋጋ የላቸውም። ዲት አባጨጓሬን አያርቅም። የሚረዳው ጓንት፣ ረጅም እጅጌና ከቅርንጫፍ ሥር ከመግባት በፊት ቀና ብሎ ማየት ነው። የተበከለ ልብስ በፊት በኩል ተጎትቶ አይወለቅም፤ ቁልፍ ተፈትቶ ወደ ኋላ ይወርዳል፣ ለብቻው በ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ወይም ከዚያ በላይ ይታጠባል። የሐር ጎጆውን በዱላ ማውረድ፣ በውኃ ግፊት መርጨት ወይም ማቃጠል ጸጉሩን ወደ አየር ይልከዋል። የሞተ አባጨጓሬና ባዶ ጎጆም ከዓመት በላይ መለብለብ ይችላሉ። ጎጆውን የሚያነሳ ሰው መነጽር፣ ጥሩ ማስክና ጓንት ያስፈልገዋል። ዛፉ ላይ ባሲለስ ቱሪንጂየንሲስ የተባለውን አባጨጓሬ የሚገድል ባክቴሪያ መርጨት የሚሠራው አባጨጓሬዎቹ ገና ትንንሽ ሳሉ፣ ቅጠሉን ሲበሉ ነው፤ ካደጉና ካበቁ በኋላ የተረጨው ይባክናል። ውሻ ያለው ደግሞ ይበልጥ ይጠንቀቅ፤ አሽትቶ የላሰ ውሻ ምላሱ ሊሞት ይችላል፣ አፉን በብዙ ውኃ አጥቦ ወዲያው ወደ እንስሳት ሐኪም መውሰድ ነው።

ኪቱ የሚዘጋበት ጊዜም አለ። ጸጉር ዓይን ውስጥ ከገባ ስኮችም ወረንጦም አይነካም፤ በንጹሕ ውኃ ረጅም ጊዜ ማጠብና ሳያሹ ወደ ዓይን ሐኪም መሄድ ነው። ቅርፊቱ ወደ ኋላ የዞረ ስለሆነ ጸጉሩ በመታሸት ወደ ውስጥ ይሄዳል፣ ከሳምንታት በኋላም የዓይን እብጠት ሊያስከትል ይችላል። ከንፈርና ምላስ ካበጠ፣ መተንፈስ ካቃተ፣ ድንገት ራስ ካዞረ ድንገተኛ ክፍል ነው። የዝንብ እጭ ዓይን ቆብ ላይ፣ አፍንጫ ውስጥ ወይም ጆሮ ውስጥ ከሆነም በቤት አይሞከርም።

ከአባጨጓሬዎች ሁሉ ለብቻው የሚነገረው ሎኖሚያ ነው። በደቡብ ብራዚል ያለው ሎኖሚያ ኦብሊኳ በቀን የዛፍ ግንድ ላይ ብዙ ሆኖ ተጠጋግቶ ያርፋል፤ ቀለሙ ከግንዱ ጋር ስለሚመሳሰል ሰው እጁን ሲያሳርፍ አንዱን ሳይሆን ሃያውን ይነካል። መርዙ ደም የሚረጋበትን ሥርዓት ያናጋል። መጀመሪያ ማቃጠልና ራስ ምታት፤ ከሰዓታት እስከ ቀናት ውስጥ ያለ ምክንያት መበለዝ፣ የድድ መድማት፣ የጠቆረ ሽንት፣ ከዚያም የኩላሊት መድከም። ኩላሊት ከደከመና አንጎል ውስጥ ደም ከፈሰሰ ይገድላል። በሳኦ ፓውሎ ያለው ቡታንታን ኢንስቲትዩት የሚያዘጋጀው ፀረ መርዝ አለ፤ ቶሎ መድረሱ ወሳኝ ነው። እንዲህ ያለ ጥርጣሬ ባለበት አስፕሪንና አይቡፕሮፌን አይወሰዱም፣ መድማትን ሊያባብሱ ስለሚችሉ፤ ለሕመሙ ፓራሲታሞል ይሻላል። የኪቱ መመሪያ ላይ ስለዚህ አንድ መስመር አለመኖሩ ከጉድለቶቹ ሁሉ ትልቁ ነው።

ኪቱ ይገዛ ወይስ አይገዛ ለሚለው፦ የዝንብ እጭ ባለበት አካባቢ ለሚኖር ወይም ለሚሄድ ፓምፑና ለስላሳ ጫፍ ያለው ወረንጦ ይጠቅማሉ፣ ቫዝሊን ከጨመረበት ይግዛው። አባጨጓሬን ብቻ ለሚፈራ ገንዘቡን ያቆይ፤ ሰፊ ስኮች፣ አጉሊ መነጽር፣ ጓንት፣ የበረዶ ከረጢትና ሃይድሮኮርቲሶን ተለያይተው ቢገዙ ከኪቱ የተሻለ ያገለግላሉ። ሁለቱም የሚያሰጉት ሰው አንድ ነገር ይጨምርበት፦ ክዳን ያለው ትንሽ ብልቃጥ 70 በመቶ አልኮል ያለበት። የወጣው እጭ እዚያ ይገባል፤ አባጨጓሬው ደግሞ ሳይነካ በስልክ ከላይና ከጎን ፎቶ ይነሳል፣ ከተቻለ የተቀመጠበት ዛፍም ጭምር። ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቀው ምን እንደነካችሁ ነው፣ የፀረ መርዙም ሆነ የማውጫ ዘዴው ምርጫ በዚያ ላይ ይወሰናል።